ቤት ሳይመታ

የካቲት ነው። ጅማ በየካቲትም ዝናቡ አይቀርም፤
ቆርቆሮው ሲያጓራ፣ ካልጮኸ በስተቀር ማንም ነጥብ አይቆጥርም።
ከረንቡላ ቤቴ፣ ሒርማታ፣ ከሥጋ ተራው ዝቅ ብሎ፣
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ።

ኳስ ፍለጋ ጣቢያ ሲያገላብጥ ነዚፍ፣ ያባ ቦራ ልጅ፣
አንዲት ሴት አመጣብን፣ የተንበረከከች፣ ድንጋይ የያዘች በእጅ።
በረዶ ላይ። እጀታ የገባለት ድንጋይ፣ ድስት ያክላል፤
ለቀቀችው። ከፊቱ ሁለት ሰው መጥረጊያ ይዞ ይጠርጋል፣ ያባብላል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። “ጽዳት ሠራተኛ ናት?” አለ ባጃጅ ነጂ፣
“ነይልን ወደ ጅማ፣ እህቴ፣ ለኛም ጭቃ ትበጂ!”
እኔ አልሳቅሁም።
እጇን ነው ያየሁት። ስትለቀው አልገፋችም፤
ልጅ እንደምታስተኛ እናት፣ ጣቷን አላፋጠነችም።
ሠላሳ ዓመት ኳስ በእጄ ስሰድ አንድ ነገር ነው የተማርኩት፦
ጉልበት ማንም አለው፤ ልክ ነው አላህን የለመንኩት።

ሞራግ ይሏታል፤ የስኮትላንድ ልጅ፣ የበግ አርቢ ነገር፤
ከቀዘቀዘ ኩሬ ላይ የጀመረች፣ ባባቷ አገር።
ልጄ ሂክመት ናት የነገረችኝ፤ እንግሊዝኛ ትችላለች፤
“አባ፣ ያንን ክብ ‘ቤት’ ነው የሚሉት” አለች።
ቤት!
በኛ ቋንቋ ቤት የሚመታ ግጥም ነው፤
በነሱ ሃያ ኪሎ ድንጋይ፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ እንደ ሙሽራ ነው።

የዚያን ዓመት አራተኛ ወጣች። አለቀሰች፣ ጓንቷን ነክሳ።
ያን ሰሞን እኔንም አንድ ያጋሮ ልጅ ረታኝ፤ እስክሞት አልረሳ።

በየአራት ዓመቱ ትመጣለች፣ እንደ ሰርግ ቀጠሮ፤
ሁለተኛው ላይ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ጉልበቷ በጨርቅ ታስሮ።
ነሐስ አገኘች። እኔ ሸምሲያን የቀበርኩበት ሰሞን ነበር፤
ድምፁን ዘግቼ አየኋት፤ የገባሁ እንደ ሌባ፣ በጓሮ በር።
ማንም አላወቀ። የዚያ ድንጋይ ዝምታ፣
ከመጣው ሰው ሁሉ ይልቅ አጽናናኝ፣ ለአንድ አፍታ።

ሦስተኛው ላይ ወርቅ። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤
ያ የሳቀው ባጃጅ ነጂ ሳይቀር “የከሊፋ እህት” ይላታል።
ነዚፍ መጥረጊያ አንሥቶ ከኳሴ ፊት ይጠርጋል፣ ለቀልድ፤
እግር ኳስ ቀርቶ እሷ ናት እዚህ ቤት የምትወደድ።

አራተኛው። አርባ አራት ዓመቷ። “የመጨረሻዬ ነው” ብላለች።
ፍጻሜ። ነጥቡ እኩል፤ አንድ ድንጋይ ቀርቷት ተንበርክካለች።
የኔ እጅ ያኔ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሐኪሙ ስሙን ነግሮኛል፤
ኳስ ብሰድ ከልኩ ያልፋል፣ ወይ ከልኩ ያጥርብኛል።
ስለዚህ እጇን ነው ያየሁት። አልተንቀጠቀጠም።
ለቀቀችው። ዝናቡ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ሰው አልቆመም፣ አልተቀመጠም።
ድንጋዩ መሐሉን አልፎ፣ ጠምዘዝ ብሎ፣ ወደ ቤቱ ደጃፍ

መብራት ሄደ።

ከፈረንጅ አራዳ እስከ ኮቺ ድፍን ጨለማ፤
የሆቴሉ ጄኔሬተር ብቻውን፣ ከሩቅ፣ ሲያጓራ ተሰማ።
ነዚፍ ስልኩን አወጣ፣ ውጤቱን ሊፈልግ፤
“ተው!” አልኩት። ጮኽኩበት። “እባክህ አታድርግ!”
ማታ ሂክመት ደወለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ውጤቱ ነበረ፤
“አትንገሪኝ” አልኳት፤ ወሬው ስለ መድኃኒቴ ሆነና ቀረ።

እነሆ ሰባት ዓመት። ጠረጴዛውን ላጋሮው ልጅ ሸጥኩት፤ እሱም ሸብቷል፤
እጄ ማንኪያውን ሳይደፋ አፌ ጋ ካደረሰ፣ ዕድል ቀንቷል።
“አሸነፈች?” ይሉኛል። “ገና ነው” እላለሁ፣ “ይሄዳል።”
ሌሊት እጄ ሲርገበገብ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ በነጩ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤
ሁለት ሰው ከፊቱ ይጠርጋል፤ አንደኛዋ ሸምሲያን ትመስለኛለች፤
ሞራግ ከኋላ፣ በጉልበቷ፣ እጇን እንደዘረጋች ቀርታለች፤
ቆርቆሮው ያጓራል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ፣ ባንዴ፣
“ደረሰ እንዴ?”
አልመልስም። አንድ ስንዝር ቀርቶታል፤ በዚያ ጸጥታ፣
ድንጋዩ እየሄደ ነው፣ ቤት ሳይ—