የትንሽነት ልክ

ነፋስ ነጭ አሸዋ ደጅ በሚቆልልበት፣
በቱላሮሳ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጣራ ቤት፣
ሂሳብ እይዛለሁ ለራሞና አርቹሌታ።
ሥራዋ ፀሐይ ነው፤ ከማለዳ እስከ ማታ
መስተዋት ትሰቅላለች በሰው ጣራ ላይ ወጥታ።
አሥራ አንድ ነን በቁጥር፣ ውሻውን ሳንጨምር፤
አንዲት መኪና አለችን፣ ካልገፏት የማትጀምር።

የጦር ሰፈሩ መጋዘን፣ ኳስ ሜዳ የሚያህል ጣራው፣
ፀሐይ ሊለብስ ነው አሉ፤ ጨረታ ወጣ ሥራው።
«ለትንንሾች ብቻ» ይላል። ሳቀች ራሞና ጮክ ብላ፦
«ከእኛ የሚያንስ ካለ ይምጣ፣ ምሳ እጋብዘዋለሁ፣ ይብላ!»

እኔ ግን ግርጌውን አየሁ። ዓይኔ ለግርጌ የተሠራ ነው።

ስድስት አሃዝ ተደርድሯል፣ እንደ ጉንዳን ጥቁር ጥቁር፤
ለአላፊ አግዳሚው ምንም፣ ለእኛ ግን የእንጀራ ድንበር።
መንግሥት ሥራን ሁሉ እንዲህ በቁጥር ያጠምቃል፤
ጋጋሪም ሆነ ቀባሪ በቁጥሩ ይታወቃል።
የዚህኛው ፍቺ ደግሞ «ከፀሐይ ኃይል አመንጪ»፤
እኛ ግን ሽቦ ዘርጊ ነን፣ መሰላል ይዘን ጣራ ወጪ።

ነገሩ የስም አይደለም፤ ስም ልኩን ይጎትታል።
በሽቦ ዘርጊው ቁጥር ቢሆን ትንሽነት በገቢ ይለካል፤
በአመንጪው ቁጥር ግን ሚዛኑ ሰው መቁጠር ነው፤
እስከ አምስት መቶ ሠራተኛ «ትንሽ» ተብሎ የሚያልፈው።
ስለዚህ ከፊኒክስ መጣ፣ አራት መቶ ዘጠና ሰው ያለው፣
የአምስት ዓመት ገቢያችን ለአንድ ቁርሱ የማይበቃው።
ዝሆን ጎንበስ ብሎ «ጥንቸል ነኝ» ካለ፣ በረኛውም ካመነ፣
የጥንቸሏ ጉድጓድ ታዲያ የማን ሆነ?

ጨረታውን ያወጣው ሰው፣ ዊትሎክ፣ ክፉ አይደለም፤
የአምናውን ቅጽ ገለበጠ፣ ቁጥሩን ግን አልነካም።

አሥር ቀን ነበር ጊዜው፣ ይግባኝ ለሚል ሰው፤
ሰባቱን በፍርሃት፣ ሁለቱን በቁጣ ፈጀነው።
በመጨረሻዋ ሌሊት ነፋስ መብራቱን ቀማ፤
የሰው ጣራ አብሪዎቹ ተቀመጥን በጨለማ።
ኤሊሴዮ፣ ወንድሟ፣ ከመኪናዋ ባትሪ ስቦ
ኮምፒውተሯን አስነሳት በተቀጠለ ሽቦ።
እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፦

«ክቡር ዳኛ፣ ጀልባ የሚሠራ ዓሣ አጥማጅ አይባልም፤
ሽቦውን የዘረጋ ሁሉ መብራት ነጋዴ አይሆንም።
ጣራው የእናንተ፣ ፀሐዩ የእግዜር፣ መብራቱም ለሰፈሩ፤
የእኛ ላቡና ብሎኑ ነው፤ በዚያ ይጠራ ቁጥሩ።»

ሃያ ሦስት ቀን ቆይቶ ደረሰ የዳኛው ቃል፤
እንደዚህ አገር ሰኔ ነው፣ ጠብታ የለውም፣ ደርቋል፤
ከታች ግን፣ ከፊርማው በላይ፣ «ቁጥሩ ይለወጥ» ይላል።
ስድስት አሃዝ ተነቅሎ ስድስት አሃዝ ተተከለ፤
ትናንት ትንሽ የነበረው ዛሬ «ትልቅ ነህ» ተባለ።

የፊኒክሱ ሰው ደወለ፣ ድምፁ ማር የተቀባ፦
«ስምሽን አበድሪንና በጓሮ በር እንግባ፤
አንቺ ፈርመሽ ተቀመጪ፣ ሥራውን እኛ እንወጣው፤
ከመቶው አምስት ይድረስሽ፣ ቁጭ ብለሽ የምትበዪው።»
መሰላል ላይ ነበረች፣ ስልኩ በትከሻና በጆሮዋ መሀል፦
«ሕጉን አላነበብከውም? ትንሽ ከፈረመ ትንሹ ይሠራል።»
ዘጋችና ቁልቁል አየችኝ፦ «እንደዚያ ይላል፣ አይደል?»
«ይላል» አልኳት፣ «ቢያንስ ከአራት አንድ እጁን።»

ነሐሴ ላይ ዋጋ ተከፈተ። ተሸነፍን።
በአራት ሺህ ዶላር ብቻ። የረቱን ከዴሚንግ ናቸው፤
ዘጠኝ ሰዎች፣ ግማሾቹ የአንድ አባት ልጆች ናቸው አሉ፤
መኪናቸውም እንደ እኛዋ፣ በየጠዋቱ ይገፋሉ።

ራሞና ቃሏን አልበላች፤ ቅዳሜ ምሳ አበላች፤
ከሃች በመጣ ቃሪያ ወጥ ዘጠኙንም አስለቀሰች።
ማታ ወጪውን ጻፍኩ፦ ሥጋ፣ ቃሪያ፣ ሃያ ቶርቲላ፤
የመደብ ቁጥሩ ቦታ ግን እስከ ዛሬም አልተሞላ።