አብሮ የመጣ

ከመርካቶ ግርጌ፣ ከጣውላ ቤቱ ጎን፣
ስምንት ኮምፒውተር፣ ሰባቱ የሚሆን።
ደጁ የሐምሌ ዝናብ፣ ቆርቆሮ የሚወግር፣
ውስጡ አራት ደንበኛ፣ አንዲት ርግብ፣ አንድ ነገር፤
ነገሩን ተማም ነው ሒሳብ ዘግቶ ያነሳው፦
«ይሄ ሰማያዊ፣ ማንም የማይነካው፣
ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይጠሩት የመጣ፣
ሌላ ስም እናውጣለት ወይስ ጡረታ ይውጣ?»

ሊበን ከት ብሎ ሳቀ፣ የኪቶ ፉርዲሳ ልጅ፣
ለክረምት ልምምድ ተማም ያገኘው ወዳጅ፦
«ዕድሜውን በሙሉ አንድ ሥራ ነው ያለው፣
ሌላውን ማሰሻ ከላይ ሊያወርድ ነው፤
እንደ ሠርግ ሽማግሌ፣ ሙሽራ ለምኖ ለሰው፣
ድንኳኑ ሲተከል ከደጅ እንደሚቀረው።
በክብር ይሸኛል፤
ማሰሻ ጨርቅ እንኳን ሲያረጅ ይጣላል።»

ጋሽ ሸረፋ ግን፣ ብርድ ልብስ ነጋዴው፣
የዝናቡን ማባራት በእኛ ቤት ጠባቂው፣
«ስሙ ነው!» አለና ጣቱን ቀሰረብን፦
«ዓምና ያመጣሁት ሱፍ "ትዕግሥት" ይባል ነበር፤
ሦስት ወር ተኛብኝ፣ አልጋ ሳያይ ገና።
"ነብሮ" ብዬ ጻፍኩበት፤ በሳምንት አለቀ።
ያው ሱፍ፣ ያው ቀለም፣ ያው የሚነቀል ክር።
ሰው መጀመሪያ ስም ነው የሚለብሰው፣
ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«ጉልቻ ቢቀያየር...» ልል ከአፌ መለስኩት፤
ይሄን ቤት ራሱን በሦስት ስም አየሁት።
መጀመሪያ «ብርሃን»፣ ቀጥሎ «ሂርማታ»፣
አሁን «ዲጂታል» ነው። ቀለሙ ስስ ሆኖ፣ ዝናብ የመታው ለታ
«ብርሃን» ብቅ ይላል ከ«ዲጂታል» ሥር፣
አባትን ልጆቹ ፊት እንደሚጠሩት
በሰፈር ቅጽል ስሙ።

እኔም አብሬ ነው ከቤቱ የመጣሁት።
የርክክቡን ወረቀት አንድ ቀን አየሁት፤
ስምንት ኮምፒውተር፣ አሥር በርጩማ፣ አንድ ማተሚያ፣
ከግርጌው በእርሳስ፣ ከፊርማዎቹ ወዲያ፦
«ልጅቷም ትቀጥላለች።»

ድምፅ ተሰጠ። ጡረታ አሸነፈ፣ አምስት ለአንድ።
እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ማንም አልቆጠረኝም።
ሊበን ከየገጹ ምልክቱን ገፈፈ፣
ርግቧም ክንፏን አራግፋ ወጣች፤ ዝናቡም አለፈ።

ሰኞ ሲስተር ራውዳ ከዴዶ ደረሰች፣
ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ፍላሿን በላስቲክ ቋጥራ የያዘች፤
የክትባት ሪፖርት ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት።
የዞኑ ቅጽ ግን በአዲሱ ማሰሻ ነጭ ሆነባት፤
በሌላውም ነጭ፣ በሦስተኛውም ነጭ፣
ገመድ ላይ እንደተሰጣ አንሶላ።
ተማም አንገቱን አሻሸ። ሊበን ጥፍሩን በላ።
እኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? «የቆጡን አወርድ ብላ...»
አልጨረስኩትም።

ሊበን የዲስኩን ጓዳ ሲበረብር ቆየና
አወጣው። ተከፈተ፣ ቀስ ብሎ፣
ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ምስክር፣
ከቅጹም በፊት የዘወትር ጥያቄውን አስቀድሞ፦
«ዋና ማሰሻዎ ልሁን?»

ስንት ዓመት ጠየቀን። ስንት ሺህ ጊዜ «አይ» ብለነዋል፣
ሳናነበው እንኳን፤ ጣታችን ለምዶታል።
ራውዳ ግን ቸኩላ «አዎ» የሚለውን ነካች፤
ሰዓቱ አምስት ከሃምሳ። ቅጹ መጣ። ሞላች። ላከች።
ቁጥር ሦስት ላይ እስካሁን ዋናው እሱ ነው፤
ሊበን ሊመልሰው እጁን ዘርግቶ ተወው።

ማታ በር ስንዘጋ ተማም ዞር አለና፦
«አንቺንስ "ሥራ አስኪያጅ" ብንልሽ፣ ከነገ ጀምሮ?»
«ደመወዙስ?»
«እሱ ያው ነው።»
«ጋሽ ሸረፋን አማክረው» አልኩና ጃንጥላዬን ዘረጋሁ።
ማካፋት ጀምሯል፤
ከበራፉ በላይ «ብርሃን» መታየት ጀምሯል።