ከጠየቀኝ

ፊልም አዋቂ አይደለሁም፤ የቤቴ ወበቅ ነበር የሚያስወጣኝ፣
ከዚራ፣ ጣሪያ አልባው ሲኒማ፣ ትንሽ ነፋስ እስኪያገኘኝ።
ህንዱ ሲያለቅስ አብሬ ማልቀስ፤ ቋንቋውን ማን ጠይቆኝ።

አንድ ማታ ልጅቷ ከነሻንጣዋ ጣቢያ ደርሳ፣ ልጁ ከኋላ እየሮጠ፣
ፊልሙ ተቃጥሎ ተቆረጠ።
ሮብሌ፣ ምድር ባቡር ሠራተኛው፣ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ፣
«ይደርስባታል» አለኝ፤ «መቼ ባቡር በሰዓቱ ተጓዘ?»

አርባ ዓመት አምኜ ኖርኩ። ዘንድሮ ኢክራም፣ የልጅ ልጄ፣
(የሷ ፊልሞች ከተማ ይንዳሉ፤ አቧራው ግን አንድ ሰው አያስልም)
መጨረሻውን ከስልኳ ፈልጋ አኖረችው ከእጄ።

ባቡሩ በሰዓቱ መጣ። ልጅቷ ሄደች።

«ውሸት ነው፤ ዝጊው» አልኳት።
ሮብሌ ነገ ከሳቢያን ይመጣል፤
ከጠየቀኝ፣ ደርሶባታል።