ሰሙ የእኛ

በር ተንኳኳ ጠዋት፣ ልክ በአሥራ ሁለት፣
ጉሙ ከሐይቁ ላይ ገና ሳይነሣለት።
እናቴ ከፈተች በሌሊት ልብሷ፣
ጠራችኝ ከደጁ ፊቷን መልሳ፦
«ጊንታሬ፣ ተነሺ! ያቺ ሴትዮ መጣች፣
ሽንትሽን ፈልጋ በር ላይ ቆማለች።»

እናቴ የት እንዳለሁ የማታውቅበት ቀን አለ፤
ይቺ ግን ታውቃለች።
የሦስት ወር ኑሮዬን አስቀድሜ ጽፌ ሰጥቻለሁ፦
ሐምሌ አራት፣ ቤት። ሐምሌ አምስት፣ ቤት።
ሐምሌ ስድስት፣ አክስቴ ዘንድ፣ ድንች ስናርም።
ኤይማንታስ «የት ነሽ? የት ነሽ?» ሲል ከርሞ
ሄደ በስተመጨረሻ፣ ልቡ ደክሞ፤
ይቺ ግን አንድ ቀን አጥታኝ አታውቅም።

የናሙናው ኩባያ ባዶ ነው። ውሃ እጠጣለሁ፣ ደግሞ እጠጣለሁ።
እናቴ ኪያር ለሁለት ሰንጥቃ ማር ቀባችበት፤
«ብዪ እንጂ» አለቻት፣ እንደ ጎረቤት።
«ሕጉ አይፈቅድልኝም።»
ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕጉን ማሩ ረታው፣
የልጇን ሠርግ ነገር አንድ ባንድ ዘረዘረችው።
እኔ ግን አሁንም ጠብ የሚል የለኝም።

በረዶ በሌለበት ወር ከጫማዬ ሥር ጎማ አስሬ
አስፋልት ለአስፋልት እንሸራተታለሁ፣ ሁለት ዱላ ጨብጬ።
ብሮኒዩስ ትራክተሩን አቁሞ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፦
«ልጄ፣ በረዶው ቀልጧል፤ አልነገሩሽም?»
ይህን ቀልድ ዘጠኝ ዓመት ቀለደው። ዘጠኝ ዓመት ሣቅሁለት።
ዘንድሮ አልሣቅሁም።
ጉልበቴን ነበር የማዳምጠው።

አባቴ ኃይል ማመንጫው ሳይዘጋ የተርባይን ሰው ነበር፤
ዛሬ የእኔ ሰም አቅላጭ ነው፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ወንበር።
የባለጠጎቹ አገር ሰም በመኪና ይመጣል፣
ባለ ሁለት ፎቅ፤ አሥራ ሁለት ሰው ከነማሽኑ ይወርዳል።
አባቴ አንድ ካውያ አለው፣
የእናቴን የሠርግ ቀሚስ የተኮሰው።
በረዶውን በጣቱ ይነካል፣ ያሸታል፣ ሰማይ ያያል፣
«ሲመሽ ይከብዳል» ይላል።
አንዳንዴ ይስታል።

ደረቴ ላይ ስድሳ አንድ፤ ክንዴ ላይ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ።
ቱታው የወንድ ልክ ነው፤ እጅጌው ጓንቴን ዋጠው።
ድምፅ ማጉያው ስሜ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ፣
እንደ ሰው ወደቀና፣ ተነሥቶ አለፈ።
አምስት፣ አራት፣ ሦስት፤
ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳንባ ነው።
ዳገቱ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ደወል እያቃጨሉ
ስሜን ከወረቀት አንብበው «በርቺ! በርቺ!» አሉ፤
ሦስት ሰከንድ ያህል የእነሱ ልጅ ሆንሁ።
ከዘጠና ሰባት ሰው ስድሳ ሦስተኛ ወጣሁ።

አባቴ ስኪውን ገልብጦ አየው፤ ፊቴን አላየም።
«ሰሙ ነው» አለ። «ሰሙ ነው ጥፋቱ።»
እግሬ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።
ማዶ፣ ከመድረኩ፣ የሰው አገር መዝሙር ተሰማ፤
ወርቁ ለነሱ ነው።
ሰሙ የእኛ ነበር፣
እሱን ተከፋፍለን ተሸከምነው ማታ።

ዚታ ሱቅ ውስጥ ትጠይቀኛለች፣ ዳቦ እየመዘነች፦
«ውጭ አገር እንዴት ነው? የታደልሽ!»
ሃያ ሦስት አገር ሄጃለሁ፤
ያየሁት አንድ ኮረብታ ነው፣ ሃያ ሦስት ጊዜ።
«ይበርዳል» እላታለሁ።

ኩባያው ሞላ በመጨረሻ። ሴትዮዋ አሸገች፤ ፈረምሁ፣ ፈረመች።
እናቴ ለመንገዷ ኪያር ጠቀለለችላት።
ጓዳ ውስጥ ስኪዎቼ ወፍራም ሰም ለብሰው ተኝተዋል፤
እስከ ኅዳር አይፋቅም። ከሥሩ ያለውን
የሚያውቅ ቢኖር አባቴ ነው፣ እሱም ካወቀ።

ቅጹን ከፈትሁ፦ የመጪው ሦስት ወር።
«አላውቅም» ለሚል ሰው ቦታ የለውም።
ጥቅምት አንድ፣ ቤት። ጥቅምት ሁለት፣ ቤት። ጥቅምት ሦስት፣
ውጭ የብሮኒዩስ ትራክተር ሲነሣ ሰማሁ።
ጎማዬን አሰርሁ።
ዛሬ ከቀለደ እሥቃለሁ።