ያመለጠን አውቶቡስ

የዚያ ምሽት ሦስተኛው መድረክ ጋራዥ ነበር፤ የጎማ ክምር፣ የዘይት ሽታ፣
አንድ አምፖል በሽቦ ተንጠልጥሎ በጩኸቱ ሲንገላታ።
የታምፔሬ ብርድ ደጅ ቀረ፤ እኛ በላብ ተጠመቅን፤
ጊታሪስቷ ሁለት ክር በጥሳ
በተረፉት አራቱ ስታብድ፣ በሳቅ አለቅን።

ኦውቲ ጆሮዬን ጎትታ፦
«ይሄንንማ እኔም እችላለሁ!»
አልሰማኋትም። ግን ገባኝ።
«አለሁ» አልኳት፣ «አለሁ»።

አውቶቡሱ አመለጠን። በረዶ ረግጠን ስንወርድ፣
ጆሮዬ ውስጥ ንብ ሰፍሮ፣ ጉልበቴ ገና ሲርድ፣
ያርሞ ለባንዱ ስም አወጣ፤
ባንዱ ገና ሳይኖር።
ጊታር የለን። ማጉያ የለን።
ያለን የእናቱ የድንች ባልዲ፣
እሱም ቀዳዳ።

«ከበሮውን ማን ይምታ?»
«መምታት ጨርሶ የማያውቅ።»

እጄን አወጣሁ፣
እንደ ጎበዝ ተማሪ።