ልክ

በኮዬ ፈጬ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ሊፍት የሚሉት ነገር በስሙም ሳይታይ፣
በአንድ እጄ ጀሪካን፣ በሌላው ልጄን፣
ሦስተኛው ላይ ቆሜ ስቆጥር ትንፋሼን፣
ወይዘሮ ዘውድነሽ ከበሯ ብቅ አለች፤
«ዕድሜው ስንት ሆነ?» አለች።
«ሁለት ከሁለት ወር።»
አፏን በእጇ ያዘች፤ «እትፍ እትፍ! ይሰውር!»
ድምፇን ዝቅ አርጋ ደግሞ፣
«ግን ምን ስትሰጪው ነው?»
ምን እሰጠዋለሁ?
ሽሮ ነው፣ ድንች ነው፣ እንቁላል ሲገኝ፤
ታውቀው የለ ድስቴን፣ ዘይት ስታበድረኝ።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መዳፉን ዘርግቶ፣
«የልጁስ ሒሳብ?» አለኝ ትከሻዬን ነክቶ።
«ታቅፌው የለ እንዴ! ሁለት ዓመቱ ነው።»
«እሱ ሁለት ከሆነ፣ እኔ ገና አልተወለድኩም በያ!»
ታክሲው በሳቅ ሞላ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከፈልኩ።
ቱሉ ዲምቱ ወርደን እስከ ቤት ድረስ
ቃል አልወጣኝም።

ሜዳው ላይ ልጆቹ በረኛ አደረጉት፤
ኳሷ ስትመጣለት
አቀፋትና ቁጭ አለ።
«ይሄ ትልቅ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አሉ፣
«አፉንስ አልፈታም?»
አልፈታም። ገና ነው። ሦስት ቃል አለችው፤
እማ። ውሃ። ደሞ።
ደሞን ነው የሚወዳት፤
ገንፎው ሳያልቅ ደሞ፣ ሳቁ ሳያልቅ ደሞ።

ባለፈው ሳምንት ያደረግሁትን
ለማንም አልነገርኩም፤
ገንፎውን አቀጠንኩ።
ሰሃኑን በሻይ ማስቀመጫ ለወጥኩ።
ጠራርጎ ጨረሰና ወደ ድስቱ ጠቆመ፤
«ደሞ» ሲለኝ
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣
የሚታይ ነገር ያለ ይመስል።

አባቱ ሙሉሰው፣ ከስሙ በቀር፣
ሁለመናው ትንሽ፣ አጥንትና ክር።
ሴራሚክ ያነጥፋል፤
ጓደኞቹ «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት ይስቃል።
አንድ ሌሊት ስነቃ ግን
የሥራ ሜትሩን ዘርግቶ
ከተኛው ልጅ አጠገብ ተንበርክኮ አየሁት፤
ከተረከዝ እስከ አናት ለክቶ
በጆሮው ላይ በሰካት እርሳስ
ግድግዳው ላይ፣ ከአልጋው ጀርባ፣ ጻፈው።
እዚያ የነበሩ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ።
ዓይኔን ጨፈንኩ።
እኔ ከገንፎው፣ እሱ ከእንቅልፉ፣
ሁለታችንም ከልጁ እንሰርቃለን።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር አስካለች
እንደ ሉካንዳ ሥጋ ሰቅላ ልትመዝነው
የጨርቁ ሱሪ ጭኑ ላይ ቀረ።
ሲገባለትም እግሩ መሬት ነክቶ
ሚዛኑን አታለለ።
ወንበሩ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች እናት፣
ልጇ ከክንዷ የቀጠነች፣
«አንቺስ ታድለሽ» አለችኝ።
ካርዳችንን አስተያየን፤
የሷ ነጥብ ከመስመሩ ሥር፣ የኔ ከመስመሩ በላይ፣
መሃሉ ላይ ባዶ።
«ልክ ነው» አለች ሲስተር፣ ብዕሯን እየከደነች፣
«ሲወለድም ከላይ ነበር፣ መንገዱን አልሳተም።
ገንፎውን አታቅጥኚበት።»
ማን ነገራት?

ልክ ነው። ቃሏን ይዤ ወጣሁ።
ጫማ ሻጩ «ልኩ ስንት ነው?» ሲል፣
ሰፈሩ «ከልክ አለፈ» ሲል፣
እኔም ልጅ ሳለሁ «ልክሽን እወቂ» ሲሉኝ፣
ያቺው አንዲት ቃል ነበረች እንዴ?
ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዛሁለት።
ወር አያልፍም፣ አውቃለሁ።

ማታ መብራት ጠፋ።
ደረጃው ላይ ነበርን፣ ሦስተኛው ፎቅ ጋ።
ጀሪካኑን ሳስቀምጥ እጄ አመለጠው፤
ፈራ፣ አለቀሰ፣
ወተት ወተት በሚል በዚያ ቀጭን ድምፁ።
የዘውድነሽ በር ሲጥ አለ፤
«ውይ እናቴን! የማን ጨቅላ ነው?
ገና ፍሬ ልጅ፣ በዚህ ጨለማ!»
«የኔ ነው» አልኳት።
ዝም አለች።
አንድ ጣቴን ፈልጎ አገኛት፤
መላ መዳፉ አንድ ጣት ላይ አለቀ።
«ደሞ» አለ።
አንድ ደረጃ።
ደሞ አንድ።