ድንጋይዋን የያዘ

ከጋራዡ ጓሮ፣ ማክሰኞ አመሻሽ፣
ዘጠኝ ወንበር ዘርግተን እንቀመጣለን።
ከታቦር የለቀምናት አንዲት ጥቁር ድንጋይ አለችን፤
የያዛት ይናገር፣ ያልያዛት ያዳምጥ፤
ሕጋችን ይኸው ነው።

ሌዳሞ ያዛት። ያዛትና አልለቅም አለ።
የባጃጁን ዕዳ፣ የሚስቱን ወንድሞች፣ ቀበሌውን ረገመ፤
በዘርፌ አሥራ አንድ ቀን ሳቀ፦
«አሥራ አንድ ቀንማ ጉንፋንም ይቆያል!»
ዘርፌ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ሰብሳቢው እኔ ነኝ።
«ውጣ» አልኩት።
ድንጋይዋን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ሆነ።
እንዴት ያለ ሰላም! ሁሉም «ደኅና ነኝ» ይላል፤
እኔም ደኅና ነኝ እላለሁ።
ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ሄጄ
ከሰው ብርጭቆ መጎንጨቴን
ማንም አልጠየቀኝ።
እሱ ቢኖር ትንፋሼን ያውቅ ነበር፤
ሰው መሃል ይጮህብኝ ነበር።

ዛሬ ከስብሰባው በፊት ሐይቁ ዳር ወረድኩ።
ባጃጇ ቆማለች፤ ከመሪዋ ሥር፣ ከሳንቲሞቹ ጋር፣
ያቺ ድንጋይ።
«ተራው የማን ነው?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«የኔ» አልኩት።
እጄን ዘረጋሁ።